የማዶዎቹ ወጌሻ

በንጉሡ ጊዜ፣ ቀን የባቡር ጋራዥ ውስጥ ስሠራ ውዬ ማታ ማታ ኳስ እጫወት ነበር። አንድ ዓመት ቀኝ ብሽሽቴ ውስጥ የሆነ ነገር በር ጣት እንደሚቆነጥጥ ይቆነጥጠኝ ጀመር። ቁጢጥ ማለት አቃተኝ። ጫማዬን እንኳ የሚያስርልኝ ሌላ ሰው ሆነ።

ለእንዲህ ያለው ነገር በድሬዳዋ ስማቸው የሚጠራ አንድ ወጌሻ ነበሩ። ችግሩ ቤታቸው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ ሰፈር መሆኑ ነው። እኛ የከዚራ ልጆች እሁድ ለዋንጫ የምንገጥመው ደግሞ የመጋላን ቡድን ነበር። ሰውዬው ተራ ደጋፊ አይደሉም፤ ዳኛ ይሳደባሉ፣ ከሜዳ አይቀሩም፣ ቡድናቸው የተሸነፈ ቀን እራት አይበሉም። ምን ላድርግ፣ የባሰበት እመጫት ያዝላል፤ የደቻቱን አሸዋ እያነከስኩ ተሻገርኩ።

ምንጣፍ ላይ አስተኝተው ጉልበቴን ወደ ደረቴ ገፉና ወደ ውስጥ አዞሩት። ጮህኩ። ከዚያ የሰሊጥ ዘይት ቀብተው እግሬን ቀስ ብለው ሳቡት፤ ቁንጥጫው ለቀቀኝ። ደስ ብሎኝ «ዳንኩ!» ብዬ ተነሣሁ።

«ዳንክ? አቦ፣ ተኛ!» አሉና እንደገና አዞሩት። እንደገና ጮህኩ።

«ሥጋ ቢሆን አሽቼ እለቀው ነበር። ይሄ አጥንት ነው፣ ከአጥንት የሚጣላ። እኔ ስስበው ይርቃል፣ አንተ ኳስ ስትመታ ይመለሳል። እሁድ አትግባ ልጄ። ከገባህ ወላሂ፣ በጎልማሳነትህ ነው ከዘራ የምትይዘው።»

ለቡድኑ ልጆች ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» አሉኝ። «ጎል የሚያገባባቸውን ሰው እቤት ሊያስቀሩ ነዋ!» እኔም ደሜ ፈላ። ያንን ዋንጫ ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኘው ኖሬ፣ በተቃራኒ ደጋፊ ቃል ልቀር ነው? እጫወታለሁ አልኩ።

እሁድ ፀሐይዋ በረድ ስትል ጫማዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወጣሁ። የሜዳው መንገድ በወጌሻው ደጃፍ ያልፋል። አብረዋቸው በርጫ የሚቅሙት ጓደኞቻቸው ሁሉ ሜዳ ሄደው ሰፈሩ ጭር ብሏል። እሳቸው ግን ቤታቸውን ከፍተው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ የዘይቱ ጠርሙስ አጠገባቸው ነው።

«አባባ፣ ምነው ከጨዋታ ቀሩ?» አልኳቸው።

«እኔ ሜዳ ብሄድ አንተ ታምነኛለህ?»

ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆምኩ፤ ማልቀስ አማረኝ። ከዚያ ጫማዬን ግድግዳው ሥር አስቀምጬ ተጋደምኩ።

እግሬን እየሳቡ ሳለ ከሜዳው ጩኸት ፈነዳ። ጎል ነው። የማን እንደሆነ ግን ከዚያ ሆኖ አይለይም። እጃቸው እግሬ ላይ ቆመ፤ እኔም ሳይታወቀኝ እግሬን ወጠርኩ።

«አላላው እግርህን» አሉኝ፣ መሳባቸውንም ቀጠሉ።