ኦቦ ከድር የሠሯት ጸሎት ቤት

ባለፈው ሳምንት አሰላ ውስጥ፣ ሰፈራችን አዲስ በተከፈተ የእንጨት ሥራ ቤት በኩል ሳልፍ የጽድ ሽታ አስቆመኝ። ጽድ ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም፤ አናጺውን ከየት እንዳመጣው ልጠይቀው አሰብሁና ተውሁት። መላጊያው እንጨቱን ሲልግ ስሰማ ፊቴ ጋለ። ሃምሳ አምስት ዓመት አልፎኝ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም ክፉ ቃል ሳይናገረኝ አፈርሁ።

ከአሰላ ወደ ጢቾ በሚወስደው መንገድ፣ ከገብስ ማሳዎች መሀል የእኛ የባፕቲስቶች ትንሽ ጸሎት ቤት አለች። ከሩቅ ያያት ሰው የእህል መጋዘን ትመስለዋለች። እስከ ጉልበት ድረስ ድንጋይ ናት፤ ከዚያ በላይ ጭድ የገባበት ጭቃ፣ በኖራ የተቀባ። የቆርቆሮ ጣሪያዋ በረዶ እንዳይከማችበት ሾል ብሏል። ውስጥ የገባ ሰው ግን ሳያውቀው ቀና ይላል፤ መሀሏ ላይ ምሰሶ የለም። ጣሪያውን የያዙት እርስ በርስ የተያያዙ የጽድ እንጨቶች ናቸውና ከየትኛውም አግዳሚ ወንበር ሰባኪው ይታያል። ከመድረኩ ሥር ደግሞ ሳንቃው ሲነሣ የሚከፈት የጥምቀት ገንዳ አለ። ከዚያ በፊት ወላጆቻችን ወንዝ ወርደው ነበር የሚጠመቁት። የአርሲን ደጋ የጠዋት ውኃ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ ያሰቡትም የሠሩትም ኦቦ ከድር ናቸው፤ ሙስሊም አናጺ፣ የአባቴ ጎረቤት።

ጸሎት ቤቷ ሃያ አምስተኛ ዓመቷን ልታከብር ስትል ሽማግሌዎቹ ታሪኳን እንድጽፍ ጠየቁኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ እየፈለግሁ ነበር፤ የእጅ ጽሑፌም ይደነቅ ነበር። ሦስት ቀን ኦቦ ከድር ቤት ተመላለስሁ። ባለቤታቸው ጭኮ ያቀርቡልኛል፤ በቅቤ የራሰው የገብስ ዱቄት ጣቴ ላይ ሲቀልጥ እሳቸው ያወራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ስለ ገንዳው ስጠይቃቸው ሳቁ።

«ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ አያትህ ናት ምክንያቱ። ከወንዝ ወጥታ ስትንቀጠቀጥ አየኋት። ሽማግሌዎቻችሁን፣ ሃይማኖቱ የእናንተ ነው፣ ብርዱ ግን የሁላችንም ነው አልኳቸው።»

ይህንን ሁሉ በደብተሬ ይዤ፣ ንጹሑን ስገለብጥ «ምእመናን በገዛ እጃቸው አነጿት» ብዬ ጻፍሁ። ማንም አላዘዘኝም። ከአዲስ አበባ እንግዶች እንደሚመጡ ሰምቼ ነበርና ታሪኩ በዚህ መልክ ይበልጥ የሚያምር መሰለኝ። ሙስሊም ቢገባበት ምን ይሉ ይሆን ብዬም ፈራሁ።

በዓሉ በጥር፣ ገብሱ ተወቅቶ ካለቀ በኋላ ነበር። የጻፍሁትን ታሪክ አጋማሹን ለጉባኤው አንብቤ ቀና ስል ኦቦ ከድር በሩ አጠገብ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው ተቀምጠዋል። እስከ መጨረሻው አነበብሁ፣ ተጨበጨበልኝ። እሳቸውም አጨበጨቡ።

ሰው ለምሳ ሲወጣ ጠሩኝ።

«ጥሩ አነበብህ። ጆሮዬ ግን ከድቶኛል፤ ስሜ ጋ ስትደርስ አመለጠኝ። እስቲ እዚያችን ብቻ ድገምልኝ።»

ማንበብ አይችሉም ነበር። ወረቀቱን ገለጥሁና፣ ዓይኔን ካልተጻፈው ላይ ተክዬ፣ «ይህችን ቤት የሠሯት አናጺው ኦቦ ከድር ናቸው። ምሰሶ ያስቀሩት፣ ገንዳውንም ያሰቡት እሳቸው ናቸው» አልሁ።

«እንዲህ ነው የሚለው?»

«አዎ፣ ኦቦ።»

«ገለቶሚ፣ ልጄ» ብለው አመሰገኑኝና ትከሻዬን ጨበጥ አደረጉ።

እውነቱን ልናገርና፣ በዚያች ሰዓት አላፈርሁም። እንዲያውም ብልጠቴ ገረመኝ።

ወረቀቱ በመስታወት ተደርጎ ከበሩ አጠገብ ተሰቀለ። ኦቦ ከድርም ገበያ ላይ ላገኙት ሁሉ «ስሜ ክርስቲያኖቹ ቤት ተጽፏል» ይሉ ጀመር። ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ ሲያባራ፣ አሰላ የምትማረው ልጃቸው ሩቅያ ቤታችን መጣች። ከሻርፗ ውኃ ይንጠባጠባል። ግቢ ብላት አልገባችም።

«አባቴ ስሙን አይቼ እንድመጣ ልኮኝ ነበር» አለች።

በሩን ይበልጥ ከፈትሁላት።

«አንብቤዋለሁ።»

«ሩቅያ፣ እኔ…»

«አየሁት አልኩት። ምን ላድርግ? ደስታውን ብታይ! አባቴን ዋሽቼው አላውቅም ነበር።»

ይህን ብላ ሄደች። እፍረቱ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ገብቶም አልወጣም። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄጄ ላርመው እችል ነበር። ዋሸሁ ማለት ከበደኝና ነገ እላለሁ እያልሁ ከረምሁ፤ ከዚያ ኢተያ አስተማሪ ሆኜ ሄድሁ። ኦቦ ከድር ሲሞቱ ለቅሶ ደረስሁ። ለቀስተኛው ስማቸው ክርስቲያኖቹ ቤት መጻፉን እያነሣ ያመሰግናቸዋል። ሩቅያ ውኃ አቀበለችኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጉባኤው ፊት ቆሜ ያደረግሁትን ሁሉ ተናገርሁ፣ ታሪኩንም እንደገና ጻፍሁት። ይቅር አሉኝ፤ ወጣቶቹማ አቀፉኝ። አሁን በበሩ አጠገብ የኦቦ ከድር ስም አለ፣ ማንም ሊያነበው ይችላል። ሰው ይህን ሲሰማ «በቃ፣ አስተካክለኸዋል» ይለኛል። እኔ ግን የበደልሁት አንድ ሰው ብቻ አይመስለኝም። አባትየው እስኪሞቱ ደስ ብሏቸው ኖረዋል፤ ያንን ደስታ በውሸት ስትጠብቅ የኖረችው ልጅቱ ናት፣ ሸክሙንም የጫንሁባት እኔ ነኝ።

ሩቅያ ዴራ ሱቅ ከፍታ ትኖራለች አሉ። ዴራ ከአሰላ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ቀን አይፈጅም። እስከ ዛሬ አልሄድሁም።