ውሃ የተፈቀደለት ጾመኛ

መጀመሪያ ያመመኝ ቅልጥሜን ነው። የፍልሰታ ጾም ነበር፤ ትምህርት ቤት ከገባሁ ገና ብዙም አልቆየሁም። የሰፈሬ የአፍንጮ በር ልጆች ሁሉ ቅዳሴ እስኪያልቅ ከእህልም ከውሃም እንጾማለን። ማን ተደብቆ ውሃ እንደጠጣ የሚለየው በምላስ ነው። «አውጣ እስቲ!» ይባላል፤ ምላሱ የደረቀና የነጣ ያሸንፋል። ለአራዳ ልጅ በዚህ መሸነፍ ውርደት ነው፤ እኔ ደግሞ አልሸነፍም። ወይ የእነዚያ ነሐሴዎች ነገር! ዝናቡ፣ ጭቃው፣ ነጠላ ውስጥ ተሸፍነን የምንስቀው ሳቅ! ዛሬ ሰፈሩ ፈርሷል፤ እኛም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነናል። በጣም ይናፍቀኛል።

በየፍልሰታው ግን አጥንቴን ያመኛል። እማዬ «ብርድ መቶት ነው» ትልና በቅባት ታሸኛለች። ጾሙ ሲፈታ ይሻለኛል። ሁለቱን ያገናኘ ሰው አልነበረም።

ካደግሁ በኋላ፣ አንድ ፍልሰታ ላይ፣ ቅዳሴ ቆሜ ደረቴን ወጋኝ። መተንፈስ አቃተኝ። ጀርባዬ ነደደ። ጭኔም። እማዬ ስሜን ትጠራለች። መመለስ አልቻልኩም። የምሞት መሰለኝ።

ሆስፒታል ኦክስጅንና ደም ተሰጠኝ፤ ሄሞግሎቢኔም ተመረመረ። ሐኪሟ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሲክል ሴል ይባላል። ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ነው የሚመጣው፤ እዚህ ብዙም ስለማናየው ማንም አልጠረጠረም። ቀይ የደም ሕዋስህ እንደ ማጭድ መታጠፉ ብቻ አይደለም፤ የደም ሥርህ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። አንዱ ሲጣበቅ ሌላው ከኋላው ይከማቻል፤ ደም ማለፊያ ያጣል። ውሃ ሲያጥርህና ሲበርድህ ይብሳል።»

ድሮ አትክልት ተራ አንድ የጭነት መኪና ቆሞ ሽንኩርት ሲያራግፍ መንገዱ ሁሉ ሲዘጋ ላየ የፒያሳ ልጅ ይህ አይከብድም።

«ጾሙስ?» አልኳት።

«ያለ ውሃ ሁለተኛ እንዳትሞክረው።»

ከሕመሙ ይልቅ ያስለቀሰኝ ይህ ነው። ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ የቀረኝ ፍልሰታ ነበር፤ እሱንም የወሰደችብኝ መሰለኝ።

የነፍስ አባቴ ሊጠይቁኝ መጡ። «ልጄ፣ ለበሽተኛ ውሃ ማን ከለከለ? ጠጣ። አንተ ከቀልድ ጹም፤ እሱ ነው የሚከብድህ» አሉኝ። ከቀልድ ግን እስካሁን አንድ ሙሉ ቀን እንኳ አልጾምኩም።

ማገገሙ ቀስ እያለ መጣ፤ መጀመሪያ ከአልጋዬ እስከ መስኮቱ፣ ቀጥሎም እስከ ደረጃው ስራመድ ከርሜ፣ ሃይድሮክሲዩሪያ በሚባል በታዘዘልኝ መድኃኒት ሕመሙ እየራቀ ሲሄድ ፒያሳ ድረስ እየወጣሁ፣ አዲሱ አስፋልት ዳር ቆሜ ቤታችን የነበረበትን ቦታ በግምት መፈለግ ጀመርኩ።

ልጃችሁ «አጥንቴን» ሲል ብርድ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ደሙን አስመርምሩለት። በሽታው ያለባችሁም ሙቅ ልበሱ፣ ውሃ አዘውትሩ። ትኩሳት ወይም የደረት ውጋት ከመጣ ግን ነገ አትበሉ፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ሂዱ።

ሐኪሟንና የነፍስ አባቴን እግዜር ይስጥልኝ። ለእማዬ ግን ምስጋና አይበቃትም። ዘንድሮ ለፍልሰታ ቅዳሴ ከመውጣታችን በፊት ለብ ያለ ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ። እሷ ከማታ ጀምሮ ጠብታ አልቀመሰችም። ብርጭቆውን እስክጨርስ ፊቴ ቆማ ጠበቀችኝ።