የጾም ነው ብዬ ያስዋጥኳት ክኒን

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ለእሳቸውማ እንዴት ብዬ! የእናቴም የንስሐ አባት ናቸው። ጠበል ሊረጩ ቤታችን ሲመጡ ዓይናቸውን እንዳላይ ወጥ ቤት ገብቼ ብርጭቆ አጥባለሁ፤ የታጠበውን ደግሜ አጥባለሁ። እንግዲህ እርስዎ ይስሙኝ። እናቴን ዋሽቻለሁ። ያውም በጾሟ።

እናቴ ልደታ ተወልዳ፣ ልደታ ተድራ፣ ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ እዚያው ሦስተኛ ፎቅ የደረሳት ሴት ናት። ሦስተኛ ፎቅ፣ ያውም በዚያ ጉልበት! ሐኪሙ ራጅ አስነሥቶ በአጥንቶቹ መሀል ያለው ለስላሳ ነገር ተበልቶ ማለቁን አሳየን። ክብደት እንድትቀንስ፣ እግሯን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንድትሠራ ነገራት። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ስግደትስ ዶክተር?» ሐኪሙ ፈገግ አለ። እኔም ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ልደታ ማርያም ሰው ሁሉ ሲሰግድ እሷ በርጩማ ላይ መቀመጧ ያሳፍራት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደግፌ ደረጃውን የማወጣት እኔ ነኝ። በየደረጃው «እመቤቴ ድረሽልኝ» ትላለች፤ እኔ ደግሞ በሆዴ «ኧረ ቶሎ በይ» እላለሁ። ይህንንም ይስሙልኝ። ለእናቴ አዝኜ ብቻ ነው ያደረግኩት ብል ሁለተኛ ውሸት ይሆናል። ሰልችቶኝ ነበር።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለመገጣጠሚያ ይሆናል የሚባል ክኒን ነገረችኝ። ሰንጋ ተራ ካለ ፋርማሲ ገዛሁ። ፋርማሲስቷ አልዋሸችኝም። «ይሄ መድኃኒት አይደለም፣ ተጨማሪ ምግብ ነው፤ ተሻለኝ የሚል አለ፣ ምንም ያላየበትም አለ» አለችኝ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ብልቃጡ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩት። ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የተሠራ ነው ይላል። ሽፋኑ ደግሞ ከከብት ቆዳና አጥንት። እናቴ እንኳን በጾም፣ በፍስክም ቢሆን ሸርጣን የሚባል ነገር በአፏ አታዞርም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ማን ነበር?

ታዲያ ምን አደረግኩ? ማንም እንዳያነብላት ደረጃው ሥር ቆሜ ያንን ጽሑፍ በቁልፍ ጫፍ ፋቅኩት። እኔ የችሎት ጸሐፊ ነኝ፤ ምስክር እጁን አንሥቶ ሲምል ስሰማ ነው የምውለው። ቃሉን የሚለዋውጥ ምስክር ሳይ «አይ ሰው!» እያልኩ የምታዘብ እኔ፣ በገዛ እጄ ማስረጃ ፋቅኩ።

ሁዳዴ ሊገባ ሦስት ቀን ነበር። እናቴ ብልቃጡን ተቀብላ አገላበጠችው፤ ፊደሉን ማንበብ አትችልም።

«የጾም ነው?» አለችኝ።

«የጾም ነው እማዬ። ከቅጠል ነው የሚሠራው።»

«ተባረኪ ልጄ» አለችና አማትባ ዋጠችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁዳዴን በሙሉ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ከሽሮዋ ጋር ዋጠችው። ለስቅለት ሰገደች። ጥርሷን ነክሳ ሰገደች፤ ማታ ጉልበቷ አብጦ ሳለ ፊቷ ግን በርቶ ነበር። ለፋሲካ ቆረበች። እኔ ከኋላዋ ነጠላዬን ተከናንቤ ቆሜ ነበር፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በዚያው ዓመት ግንቦት ልደታ ጎረቤት ተሰብስቦ ንፍሮ ሲበላ፣ እናቴ ተነሥታ ቆመች። «ልጄ የጾም መድኃኒት አግኝታልኝ ይኸው ቆሜያለሁ» ብላ በሰው ፊት መረቀችኝ። የዚያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ሴቱ ሁሉ እልል ሲል ንፍሮዬን አላመጥኩ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ «ለእኔም አምጪልኝ እንጂ፣ ምነው!» አሉኝ። አመጣሁላቸው። የእሳቸውንም ፋቅኩት። እትዬ ጥሩነሽ ፍልሰታን በዚያ ክኒን ጾመው አምና ዐረፉ። ኃጢአቱ የእሳቸው አይደለም ይሉኝ ይሆናል። አውቃለሁ፤ የእኔ ነው። ይቅር በሉኝ የምላቸው ግን የት ሄጄ ነው?

ደግሞ ክኒኑ ምን ፈየደላት? ባለፈው ራጅ ጉልበቷ ያው ነው። ሐኪሙ እንዳለው ከሆነ ትንሽ ያቀለላት ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን እየዘረጋች የምትሠራው እንቅስቃሴ ነው። ግን እንበልና አድኗት ቢሆንስ? እንደ ፈረስ ቢያስጋልባትስ ያድነኝ ነበር? አያድነኝም። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን መላ አታጣም። እውነቱን ብነግራት ኖሮ አባን ትጠይቃቸው ነበር። ይፈቅዱላት ይሆናል፤ ይከለክሏት ይሆናል፤ ቢፈቅዱላትም እሷ እምቢ ትል ይሆናል። የሆነው ቢሆን የእሷ ጾም፣ የእሷ ጉልበት ነበር። እኔ ነኝ የነጠቅኳት። እኔ፣ ደረጃው ሥር ቆሜ፣ በቁልፍ ጫፍ።

አራት ዓመት ሆነ። በየዓመቱ ቅበላ ላይ አዲስ ብልቃጥ ሳመጣላት ያንኑ ትጠይቀኛለች፤ ያንኑ እመልስላታለሁ።

ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። ነገ እሑድ ነው፤ አባ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን ይመጣሉ። ብርጭቆ አላጥብም። «ለአንቺ ብዬ ነው» አልላትም፤ አላለቅስባትም፤ ሳትቆጣኝ ይቅርታ አልለምናትም። ትቆጣ፣ ትርገመኝ፣ ደረጃውን ከእኔ ሌላ ሰው ደግፎ ያውጣት። የዘንድሮው ብልቃጥ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ጽሑፉን አልፋቅኩትም።

ነገ አንሥታ ታገላብጠዋለች። «የጾም ነው?» ትለኛለች።

«አይደለም እማዬ። ድሮም አልነበረም።»