ሳጥን ውስጥ የበቀለው ቦሎቄ

ታናሽ እህቴ ወልዲያ ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ እኔ መርሳ ቤታችን ቀረሁ። እናታችን ታማ ስለነበር አባቴ አንዳችን ቤት መዋል እንዳለብን ተናገረ፤ ማን ትቅር ብሎ ግን አልጠየቀኝም። እኔ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቴን ይዤ ማጀት ገባሁ፣ እሷ ዩኒፎርሟን ይዛ አውቶቡስ ላይ ወጣች።

ለእረፍት ስትመጣ የሳይንስ መምህሯ የነገራቸውን ሙከራ ቤት ውስጥ ልትሠራ በሦስት የዘይት ቆርቆሮ አፈር ሞልታ ቦሎቄ ዘራች። አንዱን መስኮት ላይ አኖረችው። አንዱን ጎኑ በተበሳ ካርቶን ከለለችው። ሦስተኛውን ጓዳ ካለው የእንጨት ሳጥን ከትታ ከደነችበት። ውሃውን ከወንዝ የማመጣው እኔ፣ ጎረቤት የሚያደንቀው እሷን። አባቴ ሱቁን ሳይከፍት ቆርቆሮዎቹን ማየት ለመደ። ልጄ ተመራማሪ ሆነች እያለ ለደንበኞቹ ሲያወራ አንጀቴ ያርር ነበር።

ቦሎቄው ሲበቅል የሳጥኑ ከመስኮቱ እጅግ ረዝሞ ተገኘ። ደስ አለኝ። አባቴ ባለበት፣

"ብርሃን ያላየው በለጠ እኮ። መምህርሽ ምን ሊል ነው?" አልኳት።

አልተቆጣችም። "እታለም፣ የሚንጠራራው ብርሃን ፍለጋ ነው። ቅጠሉን እይው፣ ገርጥቷል። ፍሬው ውስጥ ያለው ስንቅ ሲያልቅ ይወድቃል" አለችኝ።

እንዳለችውም ብዙ ሳይቆይ ተጋደመ። የካርቶኑ ደግሞ አንገቱን ቆልምሞ በቀዳዳው ብቅ አለ። አባቴ በመገረም ራሱን ሲነቀንቅ እኔ ማጀት ገብቼ ያለ ሥራው ድስት አንኳኳሁ።

እዚያው እንደቆምኩ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ወጥቼ፣ የወደቀው አሁን ብርሃን ቢያገኝ ይድናል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ጥቂት አሰበችና መምህሩ እሱን እንዳልነገራቸው አመነች። እህቴ አላውቅም ስትል ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ የዚያን ቀን ምሳ ጣመኝ።

ቆርቆሮውን መስኮት ላይ አውጥቼ ግንዱን በጭራሮ ደገፍኩት። ምን እንደሚሆን ሳይታይ ትምህርት ተከፈተና እህቴ ሄደች። አውቶቡሱ ጋ ስሸኛት፣ ጥያቄዬን ለመምህሯ እንደምታነሳለት ነገረችኝ። ይቺንም ልትወስድብኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

ቦሎቄው ግን አልሞተም። ግንዱ እንደ ቀጠነ ቢቀርም ቅጠሉ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ሌላ ዘርቼ በካርቶኑ ከለልኩት፤ ቡቃያው ወደ ቀዳዳው ሲቆለመም ቆርቆሮውን ፊቱን አዞርኩት። ከቀናት በኋላ ግንዱ ተመልሶ ወደ ቀዳዳው ታጥፎ አገኘሁት። ይህን ማንም አላስተማረኝም።

በሚቀጥለው እረፍት እህቴ እንደገባች ስለ ቦሎቄው አባቴን ጠየቀችው። እሷን ጠይቂያት አላት። ወደ እኔ ስትመጣ የወደቀው መዳኑን፣ ቅጠሉም አረንጓዴ መሆኑን ነገርኳት። ቆርቆሮውን ሳዞረው የሆነውን ግን አልነገርኳትም። እሱ የእኔ ብቻ ሆኖ እንዲቆይ ፈለግሁ።