ይሉኝታ ባሕር ሲገባ

ሉሌ ያሏት ተማሪዎቿ ናቸው። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነች፤ ከክፍል ወደ ክፍል ስትዘዋወር ሉሏን እንደ ሕፃን ልጅ ታቅፋ ስለሆነ የምትታየው፣ ስሙ በዚያው ወጣላት። ትውደደው ትጥላው ግን የሚያውቅ የለም። እንዴት ተብሎ ይታወቃል? ሉሌ እኮ የወደደችውንም የጠላችውንም አፍ አውጥታ ተናግራ አታውቅም። «ሻይ ይሁን ቡና?» ሲሏት «ለእናንተ የቀለላችሁ» ትላለች። «በመስኮት በኩል ትቀመጪ በበር?» ሲሏት «ለእኔ ሁሉም አንድ ነው» ትላለች። አንድ ጊዜ ፀጉር ሠሪዋ በካስክ ጆሮዋን እየለበለበቻት «ይመቻል?» ብትላት፣ ዕንባዋ በጉንጯ እየወረደ «በጣም!» ብላ፣ ምስጋናዋን አዥጎድጉዳ የወጣች ሴት ነች። እኔ በበኩሌ እንዲህ ዓይነቷን ሴት ትከሻዋን ይዤ ብነቀንቃት ደስ ይለኛል። ግን ማን ይጨክንባታል? ፊቷን ስታዩት አንጀት ትበላለች።

ይህችን ሴት ዕድሏ ባሕር ማዶ ወስዶ አስተማሪ አደረጋት። ባሕር ማዶ ሲባል ታዲያ ባሕሩን ያየችው እንዳይመስላችሁ፤ በአውሮፕላን በላዩ ስታልፍ ተኝታ ነበር። የምታስተምርበት ከተማ ደግሞ ከባሕር የራቀ፣ ፎቅ በፎቅ ላይ የተደረደረበት፣ ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ሰው እንደ ክብሪት እንጨት ታጭቆ የሚሄድበት ነው። የአስተማሪዎቹ ክፍል ጠባብ ነው፤ ጣሪያው ላይ የሚያቃስት ማራገቢያ፣ ጥግ ላይ ወረቀት የምትበላ የፎቶ ኮፒ ማሽን አለች። በዚያ ክፍል ውስጥ ያገሯን ቋንቋ የሚናገሩ ሁለት ሰዎች አገኘች።

አንደኛው የሒሳብ አስተማሪው ነው። ቀጭን፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ እግሩ ከወገቡ ሳይሆን ከብብቱ የሚጀምር የሚመስል ሰው ስለሆነ «ኮምፓስ» ይሉታል። ሁለተኛዋ የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ደወል ናት። ስሙን ያገኘችው በድምጿ ነው፤ እሷ መተላለፊያው ላይ ስትስቅ የእረፍት ሰዓት የደረሰ መስሏቸው ደብተራቸውን የሚሰበስቡ ተማሪዎች አሉ። ሁለት ጊዜ አግብታ ሁለት ጊዜ የፈታች፣ ለሰው ትዳር ግን እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት።

ሉሌ ኮምፓስን ትወደዋለች። ይህን ደወል ታውቃለች፣ ጽዳት ሠራተኞቹ ያውቃሉ፣ የፎቶ ኮፒዋ ማሽን ራሷ ሳታውቅ አትቀርም። ያልተነገረው ለኮምፓስ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ታዲያ ኮምፓስ ሻዩን እያማሰለ፣ ቀና ሳይል፣ «ኮንትራቴን አላድስም። አገሬ ልገባ አስቤያለሁ» አለ።

ሉሌ ክው አለች። አፏ ግን የለመደውን አደረገ። «እሰይ! እንኳን ደስ አለህ! አገር እኮ ነው!» አለችው፤ እንዲያውም አጨበጨበችለት። እሱም «አመሰግናለሁ» አለና ሻዩን ማማሰሉን ቀጠለ፤ ስኳር እንኳን አልጨመረበትም ነበር። እሷ በዚህ ብቻ ብታበቃ ምን ነበረበት? የመሸኛውን ዝግጅት በራሷ ላይ ወሰደች። ኬኩን አዘዘች፣ ፊኛውን ነፋች፣ የመምህራኑን ስጦታ ራሷ ዞራ መረጠች። ትልቅ፣ ጎማ ያለው፣ ሰማያዊ ሻንጣ። ኮምፓስ ሻንጣውን ሲቀበል መምህራኑ ሁሉ ቆመው አጨበጨቡ። እሱም እንደ ፈተና የወደቀ ልጅ አንገቱን ደፍቶ አመሰገነ።

ደወል ይህን ስታይ ሉሌን እጇን ጎትታ ሴቶች መጸዳጃ ቤት አስገባቻትና በሩን በጀርባዋ ዘጋች።

«አንቺ ሴት፣ በጤናሽ ነው? ለምትወጂው ሰው ሻንጣ ትገዣለሽ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ይሂድ አይሂድ የራሱ ጉዳይ ነው። ደግሞ እኔ ማን ነኝና...»

«ዝም በይ! ከመሄዱ በፊት ትነግሪዋለሽ። ካልነገርሽው እኔ በድምፅ ማጉያ እነግረዋለሁ።»

ሉሌ የደወልን ጉሮሮ ስለምታውቅ ድምፅ ማጉያ እንደማያስፈልጋት ገባትና ላብ አጠመቃት። በዚህ ዓይነት ነው እንግዲህ ደወል ትምህርት ሲዘጋ ለሦስቱም የደሴት ጉዞ ያደራጀችው። «ኮምፓስን ለመሸኘት» ተባለ።

ደሴቲቱ ላይ ሲደርሱ ሉሌ የሆነችውን ሆነች። ገና ከጀልባዋ ሳትወርድ ጎንበስ ብላ ውሃውን በእጇ ዘግና ጠጣችው።

«ጨው ነው!» ብላ ጮኸች። «በስመአብ! እውነትም ጨው ነው!»

«ይህን ሁሉ ዘመን ስታስተምሪ ምን መስሎሽ ነበር?» አለቻት ደወል።

«አምኜ ነበር እንጂ አላውቅም ነበር!»

ከዚያ በኋላ ማን ይያዛት! አሸዋው እግሯን ሲያቃጥላት እየዘለለች ትስቃለች፣ ማዕበል ሲመጣ እየጮኸች ትሸሻለች፣ ሲመለስ ትከተለዋለች። ኮምፓስ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ቁምጣ ለብሶ ብቅ አለ። ደወል አሸዋው ላይ ተንከባለለች።

«እነዚህን እግሮች እስከ ዛሬ የት ደብቀሃቸው ኖሯል? ወገን! ይህ እኮ ለሁለት ሰው ይበቃል!»

ኮምፓስ ፊቱ ቀልቶ ፎጣ ከወገቡ በታች አገለደመ፤ ነፋሱም ፎጣውን ወስዶ ኮኮናት ዛፍ ላይ ሰቀለው። ሦስቱም ሆዳቸውን እስኪያማቸው ድረስ ሳቁ። ሉሌ እየሳቀች ግን የቀሩትን ቀኖች ትቆጥር ነበር። ይህ ሳቅ ሊሄድባት ነው። እሱ ከሄደ በኋላ በዚያ ማራገቢያ ሥር ተቀምጣ ከማን ጋር ትስቃለች?

ደወል ሁለቱን ብቻቸውን ለመተው ያላደረገችው የለም። እራት ላይ «ሆዴን ቆረጠኝ» ብላ ተነስታ ሄደች። ሉሌ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ሹካዋን አስቀመጠች፣ ኮምፓስን አየችው፣ አፏን ከፈተች። «ዓሣው... ጥሩ ነው አይደል?» አለች። «በጣም ጥሩ ነው» አለ ኮምፓስ። በማግስቱ ደወል «ራሴን አመመኝ» ብላ ቀረች። ሉሌ በባሕሩ ዳር ስትሄድ ቆይታ በመጨረሻ የተናገረችው ስለ ደመና ዓይነቶች ነበር። ደወል ጥርሷን ነክሳ፣ «በዚህ አያያዝሽ እኔ በሽታ አልቆብኝ አንቺ ገና የአየር ንብረት ላይ ነሽ!» አለቻት።

ሊመለሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት፣ ውሃው ሲሸሽ ባሕሩ ውስጥ እስከሚታየው ትልቅ ድንጋይ ድረስ በአሸዋው ላይ በእግር መሄድ እንደሚቻል ነገረቻቸው። «ውሃው ሳይመለስ ግን ተመለሱ» ብላ አስጠነቀቀች። ደወል ወዲያው ጉልበቷን ያዘች። «እኔ ቁርጥማቴ ተነሳብኝ፤ ሁለታችሁ ሂዱ። ደግሞ ሉሌ አብራህ እያለች ምን ያሰጋሃል? የባሕርን ሙላት ስታስተምር የኖረች ሴት!»

ሄዱ። ባሕሩ ወለሉን ገልጦ ነበር። ከድንጋዩ አጠገብ ሲደርሱ ኮምፓስ፣ ምናልባት ወሬ ፍለጋ፣ «እኔ ሁልጊዜ የማይገባኝ ነገር አለ» አለ። «ውሃውን የምትስበው ጨረቃ ከሆነች፣ በዚያኛው ጎን ያለው ውሃ ለምን አብሮ ያብጣል?»

ለአስተማሪ ይህን ጥያቄ መጠየቅ ለልጅ ከረሜላ እንደ ማሳየት ነው። ሉሌ ስንጥር አነሳችና አሸዋው ላይ ምድርን ሣለች፣ ጨረቃን ሣለች፣ ቀስቶቹን ደረደረች። ኮምፓስ «ክቡ ክብ አይደለም» ብሎ ስንጥሩን ተቀበላትና አስተካከለው። እሷ ቀማችው። እሱ ርቀቱን ሊያሰላ እኩልታ ጻፈ፤ እሷ «ስሌትህን ተወውና ውሃውን አስብ!» ብላ ሽንጧን ገትራ ተከራከረች። ሰው ሲያገኙ ማስረዳት የማይሰለቻቸው ሁለት ሰዎች፣ ባሕር እንዴት እንደሚሞላ አንዱ ለሌላው ሲያስረዳ ባሕሩ መጥቶ ጨረቃዋን አጠባት።

«ውይ!» አለች ሉሌ። አውልቃ ያስቀመጠችውን ጫማ ብትፈልግ ከኮምፓስ ጫማ ጋር ጎን ለጎን ሆነው እየተንሳፈፉ በመሄድ ላይ ናቸው። መንገዱ የለም። ሁለቱም ዋና አያውቁም። እየተጓተቱ፣ እየተንሸራተቱ ድንጋዩ አናት ላይ ወጡ።

ከወዲያ ማዶ ደወል እጇን እያወዛወዘች ትታያለች። ሰላም የተባሉ መስሏቸው መልሰው እጃቸውን አወዛወዙ። ደወል መዝለል ጀመረች።

ውሃው ድንጋዩን ከቦ ሲወጣ ሉሌን ፍርሃት ያዛት። ከዚያ ግን አንድ ነገር ከሆዷ ተነሳ። ልትሞት ነው ብላ ሳይሆን፣ እዚህ ድንጋይ ላይ ማንም «ምን ትላለች» የሚላት ስለሌለ ነው መሰለኝ።

«ኮምፓስ» አለችው።

«አቤት።»

«እንዳትሄድ።»

«የት እሄዳለሁ? ውሃ ነው እኮ!»

«አገርህን ነው የምልህ! አትሂድብኝ! ያንን ሻንጣ እኔ ነኝ የመረጥኩት፤ ከገዛሁት በኋላ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጬበት አለቀስኩ። አስጠላኝ። ሻንጣውም አስጠላኝ፣ ኬኩም አስጠላኝ፣ መሄድህም አስጠላኝ። ፀሐይ ዓይኔን እየወጋኝ ነው በመስኮቱ በኩል ባለው ወንበር የኖርኩት። ስኳር የበዛበት ሻይ አልወድም። አንተን እወድሃለሁ!»

አንዴ ከተከፈተ መዝጊያው ጠፋባት። ኮምፓስ እነዚያን ረጃጅም እግሮቹን አጥፎ ድንጋዩ ላይ ዘጭ አለ።

«ሉሌ... እኔ እኮ ልሄድ ነው ያልኩሽ አትሂድ እንድትዪኝ ነበር።»

«ምን?»

«አንቺ እሰይ አልሽ። አጨበጨብሽ። ከዚያ ኬክ መጣ። ከዚያ ሻንጣ መጣ። ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ ሲያጨበጭብልኝ እንዴት ብዬ ‹ትቼዋለሁ› ልበል? አፈርኩ። መልቀቂያውን ፈረምኩ።»

«አገርህ ሥራ አላገኘህም?»

«የምን ሥራ?»

ሉሌ ባርኔጣዋን አውልቃ በእርጥብ ባርኔጣ ትከሻ ትከሻውን አለችው። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ እሱም ጀመረ። አንዱ ሲያቆም ሌላው እየቀጠለ፣ ከድንጋዩ እንዳይወድቁ ተያይዘው እስኪያለቅሱ ድረስ ሳቁ።

«እዚህ ሥራ የለኝም፣ እዚያም ሥራ የለኝም» አለ ኮምፓስ ዕንባውን እየጠረገ። «ያለኝ ሻንጣ ብቻ ነው። በምን አፌ ላግባሽ እላለሁ?»

«እንግዲያው እኔ እላለሁ። ታገባኛለህ?»

ኮምፓስ ደንግጦ፣ ዕድሜ ልኩን ክፍል ውስጥ እንደሚለው፣ «ጥያቄው ይደገም» አለ።

ሉሌ ከባሕሩ በላይ ጮኻ ደገመችለት። እሱም ጮኾ «አዎ!» አላት።

ይህን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን እየቀዘፈ ደረሰ። ከጀልባው ፊት ላይ ደወል ቆማለች፤ ቁርጥማቱ የት እንደ ገባ እንጃ። «አላችሁ ወይ? ውሃው መጣ ብዬ እጄን ሳወዛውዝ እናንተ ሰላምታ ትመልሳላችሁ?» እያለች ታለቅሳለች፣ ትሳደባለች።

«እሺ አለኝ!» ብላ ጮኸች ሉሌ።

«ማነው እሺ ያለሽ?»

«እሱ ነዋ! ጠየቅሁት፣ እሺ አለኝ!»

ደወል እልልታዋን ስትለቀው ጀልባዋ ወዲያና ወዲህ ተንገጫገጨች። ሽማግሌው አንዴ እሷን፣ አንዴ ድንጋዩ ላይ የሚተቃቀፉትን ሁለት ሰዎች አየና፣ መቅዘፊያውን ትቶ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘ።

ከሰዓት በኋላ፣ ልብሳቸው በረንዳው ላይ ተሰጥቶ ሳለ፣ ሉሌ ለእናቷ ደወለች። ኮምፓስ ከደወል በተዋሰው ባለ አበባ ሽርጥ ተጠቅልሎ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። እናቷ ከሰላምታው በኋላ የጋብቻውን ወሬ ሰሙና፣ «ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁ።

ኮምፓስ ጥያቄው ከስልኩ ተሰማውና አንገቱን ቀበረ።

«ለጊዜው ሥራ የለውም እማዬ።»

«መልኩስ?»

«ቀጭን ነው። እግሩ ይረዝማል።»

«ታዲያ ምኑን አይተሽ ነው?»

«እንጃ እማዬ። ሲመጣ ደስ ይለኛል፣ ሲሄድ ይከፋኛል። እሱን እፈልጋለሁ።»

ሉሌ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት «እማዬ?» አለች።

«አለሁ» አሉ እናቷ፤ ድምፃቸው ተለውጧል። «እስቲ ድገሚልኝ።»

«እሱን እፈልጋለሁ።»

«ስጪኝ፣ ላናግረው።»

ኮምፓስ ሽርጡን በአንድ እጁ እንደያዘ ብድግ ብሎ ስልኩን ተቀበለ። «አቤት፣ እማማ» አለ።

«ልጄ» አሉት እናቷ፣ «ሥራ ይገኛል። ይህችን ልጅ ወልጄ ሳሳድጋት፣ ልብስ ስገዛላት፣ ምግብ ሳቀርብላት፣ ምን ትወጃለሽ ብዬ ስጠይቃት፣ አንድ ቀን እንኳን ‹ይህን እፈልጋለሁ› ብላኝ አታውቅም። ልጄ ምን እንደምትወድ ሳላውቅ ልሞት ነው እያልኩ ስፈራ ነው የኖርኩት። ዛሬ ነገረችኝ። አደራህን።»

ኮምፓስ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ለማያዩት ሴት አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳ።