ለምቦክ ቱሚራህ ፍየል አትዘኑለት

የምቦክ ቱሚራህ የቀን ወጪ አንድ እቅፍ የፓፓያ ቅጠል፣ አንድ ቁራጭ የዘንባባ ስኳርና አንድ ንጹሕ ሻሽ ነው። ሻሹ ላይ ፍየሉ ይተፋበታል።

ምቦክ፣ በእኛ ዘንድ እማማ እንደማለት ነው፣ ጎረቤቴ ናት። ጃሙዋን፣ ያንን የቅጠልና የሥር መድኃኒት፣ በብስክሌት እየዞረች ትሸጣለች። ወጉ የታወቀ ነው፤ መራራውን የጠጣ ሰው አፍ ማጣፈጫ የስኳር ውሃ ይጨመርለታል። እሷ ለፍየሏም ወጉን አላጓደለችም፤ ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው።

ፍየሉ ጄንጎት ይባላል። የሆድ ትል መጦት አጥንቱ ቀርቷል። ብስክሌቷ ደግሞ በገመድ ታስሮ ነው የሚሄደው፤ ሌላ የሚገዛው ጄንጎት ለአረፋ ሲሸጥ ነው። የፍየል ነጋዴው ፓክ ሳርዋዲ መጥቶ የፍየሉን ጎን ዳሰሰና፣

"ምቦክ፣ ይኼ ፍየል ነው የልብስ መስቀያ?" አላት።

"አንተስ ስታገባ ከዚህ ትሻል ነበር?"

"እኔን የሚያርደኝ የለማ! ለአረፋ አጥንቱ ከተሸፈነ እወስደዋለሁ። አለዚያ ቀሚስሽን ስቀይበት!"

ምቦክ እልህ ይዟት ለትሉ ማስወጫ የፓፓያ ቅጠሉን ቀቀለች። ጄንጎት ሳይታገል አፉን ከፈተ። "ጨዋ ልጅ!" ብላ ጣፋጩን ስታነሳ፣ ፑፍ! መራራው ሻሿ ላይ። "ትንሽ አመለጠው እንጂ ውጦታል" ትላለች፤ ጣፋጩንም ታጠጣዋለች። በየቀኑ እንዲሁ።

አንድ ቀን የሁለት ዓመቱ ልጄ ጋሊህ የሳል ሽሮፑን ጉንጩ ውስጥ ይዞ ስኳር ሲጠይቀኝ የፍየሉ ተንኮል ገባኝ።

"ምቦክ! የልጄን አስተማሪ አገኘሁት፤ ጋጣሽ ውስጥ ነው!"

በማግስቱ ምቦክ ጄንጎትን መራራውን አጠጣችውና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ጣፋጩን ለራሷ ቀድታ ፉት አለች።

"ካልዋጥክ የኔ ነው።"

ጄንጎት ጮኸ፣ አለቀሰ። እሷ ፉት። በመጨረሻ ቅናቱ አሸነፈውና ጉሮሮው ዝቅ ከፍ ሲል አየን፤ ሁለታችንም እልል አልን።

ቅጠል ብቻውን ሁሉን ያደርጋል አልልም፤ ትል የሚያመጣውን ጤዛ ያለበት ሣር መስጠቷንም ትታለች። ብቻ ጎኑ እየሞላ ነው። አሁን ያስቸገሩን አላፊ አግዳሚዎች ናቸው። በሚያለቅስ ፍየል ፊት ጣፋጭ የምትጠጣ ሴት ሲያዩ "አይ ጭካኔ!" ብለው ብስኩት ያጎርሱታል። ትናንት ይኸው እንደገና ተፋባት።

"አንቺ ትጽፊ የለ?" አለችኝ ሻሿን እየጨመቀች። "እንግዲህ ጻፊልኝ። በደጄ የምታልፉ ሁሉ፣ እባካችሁ ለፍየሌ አትዘኑለት፤ እንባው ውሸት ነው። ሲውጥ ካላያችሁ ምንም እንዳትሰጡት። እጁ አላርፍ ያለው ሰው ካለ ብስኩቱን ለኔ ይስጠኝ፤ እኔ እውጣለሁ።"