ሰባት ቀን ያላሰርኩት የእጅ መለያ

ይህን ለንስሐ አባቴም ለሚስቴም ተናግሬው አላውቅም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሦስት ዓመት ይዤው ኖርኩ። አሁን ስነግራችሁ እባካችሁ ለኔ ማዘን እንዳትጀምሩ።

ከድንበር ማዶ፣ ገዳሪፍ በአንድ ሆስፒታል መዝጋቢም አስተርጓሚም ነበርኩ። ከፋሽጋና ከቁረይሻ የሰሊጥ እርሻዎች ታመው የሚመጡትን ያገሬን ልጆች ስም የምጽፍ፣ በእጃቸው የሚታሰረውን መለያ የማትም እኔ ነኝ። አሮጌው ማተሚያ ሲሞት ሁለት አዲስ ማተሚያዎች ለሙከራ መጡ። አንዱ በሪባን ያትማል፤ ሪባኑ ባለቀ ቁጥር ማሽኑን መክፈት፣ መጠቅለል፣ ማስተካከል አለ። ሌላው ሪባን አይፈልግም፤ ወረቀቱን በሙቀት ያጠቁርና ወዲያው ይተፋዋል። የነርሶቹ ኃላፊ ሲስተር ነፊሳ የሁለቱንም መለያ እጄ ላይ አሰረችልኝ። ሰባት ቀን ሳላወልቅ ፀሐይ ላይ እንድውል፣ እንድታጠብበት፣ በአልኮል እንዳሸው፣ ከዚያም የቱ እንደሚነበብ እንድነግራት አዘዘችኝ።

እኔ ምን አደረግሁ? በመጀመሪያው ቀን አሳከከኝና ሁለቱንም በመቀስ ቆረጥኳቸው። በሰባተኛው ቀን ጠዋት አዲስ አትሜ አሰርኩ፤ ያረጀ እንዲመስል አቧራ ቀባሁት። ሁለቱም እኩል ቆይተዋል፣ ሪባን የሌለው ይሻላል አልኳት። አመነችኝ፤ ሪባን የሌለው ተገዛ። ጉቦ በልቼ ቢሆን እንኳ ምክንያት ነበረኝ። እኔ ግን ሪባን መቀየር ሰልችቶኝ ነው።

በአጨዳው ወቅት ሙላው የሚባል የጎንደር ልጅ ከቁረይሻ መጣ። ትኩሳቱ ደሙን ጨርሶት ነበር። ክፍሎቹ ሞልተው ስለነበር በረንዳ ላይ ተኛ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ነው። በአራተኛው ቀን ሳልፍ እጁን አነሳና አሳየኝ።

«ወንድሜ፣ ጽሑፉ ጠፋ እኮ» አለኝ።

አየሁት። ላብና ፀሐይ ነጭ አድርገውታል። ነገ አትምልሃለሁ ብዬው አለፍኩ። ማተሚያው እኮ ከዚያ አልጋ ሃያ እርምጃ አይርቅም።

በማግስቱ ማለዳ አንዲት ነርስ ለሌላ በሽተኛ የመጣ ደም ይዛ አጠገቡ ቆመች። መለያውን አየች፤ የሚነበብ ነገር የለም። ከረጢቱ ላይ ያለውን ስም ጠራች። ሙላውም በዐረብኛ «አይዋ» ብሎ አቤት አላት። በእርሻው ሥራ የሚያድለው ወኪል ሠራተኞቹን አፉ ላይ በመጣለት ስም ነው የሚጠራቸው፤ አቤት ያላለ የዕለቱ ሥራ ያመልጠዋል። ልጁ የለመደውን መለሰ፤ የማይስማማው የሌላ ሰው ደም ተሰጠው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።

እህቱ እናና ገላባት ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ስትመጣ ምን እንደደረሰበት የሚያስረዳት እኔ ሆንኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ በሌላ ሰው ስም አቤት ብሎ ነው አልኳት። ስለ ማተሚያው አንድ ቃል አልተነፈስኩም። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች። «እዚህ አገር በጠሩህ ስም ሁሉ አቤት በል ብዬ የመከርኩት እኔ ነኝ።»

አይደለሽም ማለት ምን ያቅተኛል? አንድ ቃል ነበረች። እኔ ግን ውሃ አመጣሁላት። ጠጥታ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብላ መረቀችኝ፤ ምርቃቱንም ቆሜ ተቀበልኩ። ያን ቀን በራሴ አፈርኩ፤ እስከ ዛሬም አፍራለሁ፤ ማፈሬ ግን ለእሷ ምን ይጠቅማታል?

መለያውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የዋሸሁት እኔ ነኝ። እያየሁ ያለፍኩት እኔ ነኝ። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እናና ዛሬም ወንድሜን በምክሬ ገደልኩት ብላ ታምናለች። ገላባት የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ መኪናም በየቀኑ አለ። እስካሁን አልሄድኩም።